ሌባው ማን ነው? ዳኛው ወይስ ሰዓቱ?

ቅዳሜ ማታ ነው። ሰፈራችን ያለው ኳስ ማሳያ ቤት ጢም ብሏል። የፕላስቲክ ወንበር ያላገኘ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው የተጨማደደች የውርርድ ትኬት ይዟል። ቡድኑ አንድ ለዜሮ እየተመራ ነው። ሰዓቱ 78ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል።

የመሪው ቡድን በረኛ ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ያዘ። ማንም አልነካውም። ኳሷን አቅፎ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ድንገት የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀስ ብሎ ሳሩ ላይ ተኛ። መጀመሪያ ጉልበቱን ያዘ። ወዲያው ሐሳቡን ቀየረና ቁርጭምጭሚቱን ያዘ።

«ጉልበቱ ነው ቁርጭምጭሚቱ? ይወስን እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሐኪም ገባ፣ ውኃ ተረጨ። የቀሩት አስሩ ተጫዋቾች መስመር ዳር ሄደው ከአሰልጣኛቸው ምክር ይሰማሉ። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሆነ። ከዚያ በኋላም የእጅ ውርወራ ለመወርወር ሦስት ሰው ተራ በተራ መጣ፤ ሁለት ቅያሪ ተደረገ፤ ተቀያሪው የሠርግ ሙሽራ ይመስል እየተንጎማለለ ወጣ።

ዘጠናው ሲሞላ አራተኛው ዳኛ ቦርዱን አነሳ። አራት ደቂቃ።

«ሌባ! ሌባ! ሌባ!» ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ትኬቷ ተቀደደች። እኔም ከጮኹት አንዱ ነበርኩ፤ አልደብቅም። ቤቴ ስገባ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሌባ ያልነው ማንን ነው? ሰዓቱን የሰረቀው በረኛው ነው። የጮኽነው ዳኛው ላይ ነው።

የባከነው ሰዓት ሒሳብ

በአማርኛ የኳስ ቋንቋ ‹የባከነ ሰዓት› የምንላት ነገር አለች። ስሟ ራሱ እውነቱን ይናገራል። ዳኛው ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠን ስጦታ አይደለም፤ የባከነብን ነው የሚመለሰው። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው።

የእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ ቁጥር 7 ዳኛው ምን ምን ማካካስ እንዳለበት ይዘረዝራል። የተጫዋች ቅያሪ፣ የጉዳት ሕክምና፣ ሆን ተብሎ የሚባክን ሰዓት፣ ካርድ ሲመዘዝ የሚሄደው ጊዜ፣ የውኃ ዕረፍት፣ የቪኤአር ምልከታ፣ የጎል ደስታ አገላለጽ። አንድ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገርም አለ። ቦርዱ ላይ የወጣውን ደቂቃ ዳኛው ሊጨምርበት ይችላል፤ ሊቀንስበት ግን አይችልም። ስለዚህ «አራት ብሎ ስድስት አጫወተ» ብሎ መክሰስ አያስኬድም። በጭማሪው ሰዓት ውስጥም ሰው ከተኛ ይጨመራል።

የሚያናድደው የማይካካሰው ነው። ለእያንዳንዱ የመልስ ምት፣ ለእያንዳንዱ የእጅ ውርወራ የሚሄደው ጥቂት ሰከንድ የጨዋታው አካል ተብሎ ይታለፋል። ጥቂት ሰከንድ ሲደማመር ግን ቀላል አይደለም። በትልልቆቹ ሊጎች ኳስ በእውነት ስትንቀሳቀስ የምናየው ከዘጠናው ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሰዓት ገዳይ ቡድን የሚሠራው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ካርድ የሚያስመዝዝ ትልቅ ጥፋት አያጠፋም። አንድ አምስት ሰከንድ እዚህ፣ አንድ አስር ሰከንድ እዚያ ይቆነጥራል።

በረኞች ለምን እንደሚወድቁስ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሌላ ተጫዋች ሜዳ ውስጥ ሕክምና ካገኘ በአብዛኛው ወጥቶ ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ነው የሚመለሰው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ2023/24 ጀምሮ ቢያንስ 30 ሰከንድ ውጪ እንዲቆይ ተደርጓል። በረኛ ግን ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። ያለ በረኛ መጫወት ስለማይቻል እዚያው ታክሞ እዚያው ይነሳል። አሰልጣኞች ይህን ያውቃሉ። በረኛው ሲተኛ የተቀሩት ወደ አሰልጣኙ የሚሮጡት እግራቸው ስለደረቀ ብቻ አይደለም፤ በሕግ ያልተፈቀደ የምክክር ዕረፍት በነፃ ስለተገኘ ነው።

ሕጉን የቀየረው የእኛ ንዴት ነው

«ምን ያህል ብንጮህ ማን ይሰማናል?» የምትሉ ካላችሁ፣ ታሪኩ ሌላ ነው የሚለው። ዛሬ የምናውቃቸው ብዙ ሕጎች ከተመልካች ንዴት የተወለዱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1982 በስፔኗ ጊሆን ከተማ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በዓለም ዋንጫ ተገናኙ። አልጄሪያ የምድቡን የመጨረሻ ጨዋታዋን ከአንድ ቀን በፊት ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነበር። ጀርመን በአንድ ወይም በሁለት ጎል ካሸነፈች ሁለቱም አውሮፓውያን ያልፋሉ፣ አልጄሪያ ትወድቃለች። ጀርመን ገና በጅምሩ አንድ አገባች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ኳሷን ወዲያና ወዲህ እያንከባለሉ ሰዓቱን ጨረሱት። ስታዲየሙ ውስጥ የነበሩ አልጄሪያውያን ብር እያውለበለቡ «ተሸጠ!» አሉ። ውጤቱ አልተሰረዘም። ከ1986 ወዲህ ግን የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ ተደረገ። ዛሬ ሁለት ቲቪ አጠገብ ለአጠገብ ከፍተን የምናየው በዚያ ጩኸት ምክንያት ነው።

በ1990 የጣልያን ዓለም ዋንጫ ግብፅና አየርላንድ ያለ ጎል የተለያዩበት ጨዋታ ደግሞ ከአሰልቺዎቹ ዋነኛው ሆኖ ይነሳል። በዚያ ዘመን ተከላካይ ኳሷን ለበረኛው ይመልሳል፣ በረኛው በእጁ ያነሳል፣ መልሶ ይሰጣል፣ እንደገና ይቀበላል። ማለቂያ የለውም። በ1992 ሕጉ ተቀየረ፤ የቡድን ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በረኛ በእጁ መንካት ተከለከለ።

የቅርቡ ለውጥ የበረኞች ነው። በረኛ ኳስን በእጁ መያዝ የሚችለው ለስድስት ሰከንድ ብቻ ነው የሚል ሕግ ነበር። በወረቀት ላይ። ቅጣቱ በሳጥኑ ውስጥ የሚመታ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ስለሆነ ዳኞች ከበድ ብሏቸው አይነኩትም ነበር። ኢፋብ የሚባለው የእግር ኳስ ሕግ አውጪ ቦርድ መጋቢት 2025 ላይ ሰዓቱን ወደ ስምንት ሰከንድ ከፍ አደረገና ቅጣቱን ወደ ማዕዘን ምት ለወጠው። ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቱ ይቆጥራል። ቅጣቱ ሲቀልል ሕጉ መሥራት ጀመረ። አስቂኝ ነው፤ ግን እውነት ነው።

በኳታር የ2022 ዓለም ዋንጫ ፊፋ ሌላ መንገድ ሞከረ። የባከነው በትክክል ይቆጠር ተባለ። እንግሊዝ ኢራንን 6 ለ 2 ባሸነፈችበት ጨዋታ የኢራን በረኛ በግጭት በመጎዳቱ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 14 ደቂቃ ተጨመረ። ኢራን ሁለተኛ ጎሏን በፍጹም ቅጣት ምት ያገባችው ከዘጠናው በኋላ 13ኛው ደቂቃ ላይ ነበር። መጀመሪያ «ምን ነካቸው?» አልን። ትንሽ ቆይተን ለመድነው። ሰዓት የሚገድል ቡድን የገደለው ሰዓት ከነሬሳው ሲመለስለት አየን።

ካሜራ መጣ፤ ስህተት ግን አልሄደም

ወደ ዳኞቹ እንምጣ። ስህተት የለም አልልም። እንዲያውም አንዳንዱ ስህተት ሰው ሲያየው የሚያምነው አይደለም።

በጥር 2022 በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ማሊና ቱኒዚያ ሲጫወቱ ዛምቢያዊው ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ በ85ኛው ደቂቃ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፉ። ስህተቱ ተነገራቸውና ቀጠሉ። ከዚያ ዘጠናው ሊሞላ ሰከንዶች ሲቀሩ እንደገና ጨረሱት። የባከነ ሰዓት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም! ማሊ 1 ለ 0 እየመራች ነበር። ቆይቶ ጨዋታው ይቀጥል ሲባል ቱኒዚያዎች አንወጣም አሉ፤ ውጤቱም ጸና። ዓለም ሁሉ ሳቀ፤ «ስንት በላ?» ያለም ነበር። በኋላ የተሰማው ግን ሰውየው በሙቀት ታሞ እንደነበር ነው። ሌባ ብለን የሳቅንበት ሰው በሽተኛ ነበር።

«ቪኤአር ሁሉን ይፈታል» ብለንም ነበር። መስከረም 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ሊቨርፑልን ሲያስተናግድ ሉዊስ ዲያዝ ያገባት ጎል በመስመር ዳኛው ባንዲራ ከጨዋታ ውጪ ተባለች። የቪዲዮ ክፍሉ አየ፤ ዲያዝ ትክክል ነው። ግን የቪዲዮ ዳኛው ሜዳ ላይ የተወሰነው ጎል ነው ብሎ ስላሰበ «ምርመራው ተጠናቅቋል» አለ። ጨዋታው ቀጠለ። አንዴ ከቀጠለ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፈ። የድምፅ ቅጂው ከቀናት በኋላ ሲለቀቅ የሰማነው ምንድን ነው? ሴራ አይደለም። ሰዎች ሲደነግጡ ነው። ካሜራው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ከካሜራው ጀርባ የነበረው ወሬ ነው።

እኛም የራሳችን ቁስል አለን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት በኃይሉ አሰፋ አስቆጥሮ አገር ሲያብድ፣ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በ90ኛው ደቂቃ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ልባችንን ሰበረው። ያንን ፊሽካ ዛሬም ድረስ የሚሰማው ሰው አለ። በ2014 ዓ.ም. አፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታችን ላይም ያሬድ ባየህ ገና 12ኛው ደቂቃ ላይ ቀይ ካርድ ሲያይ፣ ቪኤአር ለሀብታም ሊግ ብቻ የመጣ ጣጣ እንዳልሆነ ገባን።

እኛስ?

እስቲ ሐቁን እናውራ። የአርሴናል ደጋፊ የሆናችሁ፣ አትቆጡኝ።

ነሐሴ 2024 ዴክላን ራይስ ከብራይተን ጋር ሲጫወት ኳሷን ገፋ በማድረጉ ጨዋታ አዘግይተሃል ተብሎ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ። በዚያው ጨዋታ የብራይተኑ ዣኦ ፔድሮ ኳስ ርቆ ሲለጋ ምንም አልተባለም ነበር። ንዴቱ ፍትሐዊ ነው፤ ሕጉ አንድ ከሆነ ካርዱም አንድ መሆን አለበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማንችስተር ሲቲ ሜዳ ላይ ትሮሳርድ በተመሳሳይ ጥፋት በቀይ ወጣ። አርሴናል በአስር ሰው 2 ለ 1 እየመራ ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ ተከላከለ። ተጫዋቾቹ ሲወድቁ፣ በረኛው ሲያዘግም እኛ ኳስ ቤት ውስጥ ምን አልን? «ጎበዝ! ልምድ ነው!» የሲቲ ደጋፊዎች ግን «ሌባ» ይሉ ነበር። ስቶንስ በጭማሪው ሰዓት አቻ ሲያደርግ እኛ ጮኽን፣ እነሱ ጨፈሩ። አንድ ቡድን፣ አንድ ዓይነት ድርጊት፣ ሁለት ስም።

ስንመራ ‹ብልጠት›፣ ስንመራ ካልሆነ ‹ሌብነት›። ሰዓት ገዳዩ በረኛ ይህን ያውቃል። የራሱ ቲፎዞ እስከጨበጨበለት ድረስ ለምን ይነሳል?

ፊሽካው እጄ ላይ የነበረ ዕለት

ይህን ሁሉ የምለው አንድ ቀን ፊሽካው እጄ ላይ ስለነበረ ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የሰፈራችን የክረምት ዋንጫ ላይ ጉልበቴን ተጎድቼ መጫወት ስላልቻልኩ «አንተ አጫውት» ተባልኩ። ሜዳው ግማሹ ጭቃ ነው፤ በአንዱ በኩል ውሻ ያለበት ግቢ አለ። አንድ ለዜሮ የሚመራው ቡድን ተከላካይ ኳሷ በደረሰችው ቁጥር ወደዚያ ግቢ ይለጋታል። ውሻው እስኪታሰር፣ የቤቱ እናት ተለምነው በሩን እስኪከፍቱ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይሄዳል። የእኛ ሰፈር ሰዓት አገዳደል ይኸው ነበር። በሦስተኛው ላይ አስጠነቀቅኩት። ሳቀብኝ።

ከዚያ ሊመሽ ሲል በሳጥኑ ውስጥ አንድ ልጅ ወደቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላየሁም። ከፊቴ ሰው ነበር። ለማሰብ አንድ ሰከንድ አልነበረኝም፤ ሃምሳ ሰው ግን ይጮሃል። ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ። ገባች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጭቃ ጓል ጀርባዬን ሲመታኝና ያቺው ባለ ውሻዋ እናት በሩን ከፍተው «ግባ ልጄ!» ሲሉኝ ነው። ከደበደቡኝ መካከል ጠዋት አብረን ዳቦ የገዛን ልጆች ነበሩ።

በሳምንቱ ሲጠሩኝ እምቢ አልኩ። ከእኔ የሚያንስ አንድ ልጅ ተካኝ። እሱም በጥፊ ተመታ፤ ተወው። በሚቀጥለው ክረምት የሚያጫውት ጠፋ። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሰው ይዞ መጣ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ጠብ ተነሳ፤ ሽማግሌዎች ዋንጫውን ሰረዙት። ሜዳው ላይ ዛሬ ሕንፃ ቆሟል። ያ የመጨረሻው ውድድራችን እንደነበረ ያኔ ማን አወቀ?

ስለዚህ «ዳኛ ጠፋ፣ ብቃት ጠፋ» ስንል ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ጥሩ ነው። ባምላክ ተሰማ በ2018 የሩሲያ ዓለም ዋንጫ የዳኞች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፣ ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ስትገኝ በኩራት ፎቶ ተቀባበልን። እነሱ ግን ከሰማይ አልወረዱም። አንድ ቦታ፣ አንድ ጭቃ ሜዳ ላይ፣ ሰው እየጮኸባቸው ሳይተዉት ቀርተው ነው። የተዉት ስንት ናቸው? የሀገራችን ሊግ ቪኤአር የለውም። ዳኛው ያለው ሁለት ዓይኑና የመስመር ዳኞቹ ብቻ ናቸው። እኛ ደግሞ አወዛጋቢውን ቅጽበት በስልካችን አሥር ጊዜ አቀዝቅዘን አይተን፣ አንዴ በሩጫ ባየው ሰው ላይ እንፈርዳለን።

ዳኛ አይተች አላልኩም። የተሳሳተ ይገምገም፣ ደጋግሞ የተሳሳተ ይታገድ፣ ገንዘብ የበላ ካለ በማስረጃ ይከሰስ። ሊጉን የሚመሩትም ለምን እንደተወሰነ ለሕዝብ የሚያስረዱበት መንገድ ይኑር፤ የእንግሊዞቹ የድምፅ ቅጂ ሲለቀቅ ቢያንስ ወሬው ወደ እውነቱ ተጠግቷል። ‹ተሳሳተ› እና ‹ሌባ› ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንደኛው ትችት ነው፤ ሁለተኛው ክስ። በትኬታችን ንዴት የሰው ስም አንቅደድ። ስልካችሁ ላይ ያለውን የሰዓት መያዣ አንድ ጨዋታ ላይ ሞክሩት፤ ኳስ ስትቆም አስጀምሩት፣ ስትንቀሳቀስ አቁሙት። በመጨረሻ የምታዩት ቁጥር ላይ ሰዓቱን የወሰደው ማን እንደሆነ ይገባችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ለባሹ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ኳስ ቤት ነበርን። በዚህ ጊዜ የእኛ ቡድን ነው አንድ ለዜሮ የሚመራው። 80ኛው ደቂቃ ላይ በረኛችን ኳስ ያዘና፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ ተኛ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። «በርታ! ተኛበት!» አለ ከኋላዬ አንዱ።

ባለ ትኬቱ ልጅ ከፊቴ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ፤ ሊስቅም ሊናደድም አልቻለም።

«ዛሬስ ሌባው ማን ነው?» አለኝ።

እጄን ከጭብጨባው አወረድኩ።